ዝም ያለ ሁሉ ደህና ነው ላሉን ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር አቶ ስትራሂኛ ዴሊች
የ«አለሁ» ኩባንያ መሥራች፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ እንዲሁም በስም ካርድዎ ላይ እንደ ተጻፈው ዋና ራእይ አፍላቂ
ኖቪ ሳድ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ከእግርዎ ሥር የማትጠፋው ውሻዎ ጭምር ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል እላለሁ። ድሮ ቢሆን ኖሮ ይህን ለማወቅ በአዳራሻችን ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለው ትልቅ ሰሌዳ ቀና ብሎ ማየት ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን በእርስዎ ብልህ አመራር ሰሌዳው የቆመውንም የወደቀውንም በአንድ ቀለም ማሳየት ከጀመረ ወዲህ፣ እንደ ኋላ ቀር ሰው ደህንነትዎን በቃል ለመጠየቅ ተገድጃለሁና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ስሜ ባይታወስዎ አልቀየምም፤ ማዕረጌን ደጋግመው ሲለውጡልኝ ስሜን ለማጥናት ጊዜ እንዳላገኙ አውቃለሁ። ዞራና ሺያን እባላለሁ፤ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ስልክ የማነሣው እኔ ነኝ። በበሩ ላይ በተለጠፈው መሠረት ግን «የቤተሰብ ሰላም አምባሳደር» ነኝ። የመልቀቂያ ደብዳቤዬን አስገብቻለሁ፤ ዛሬ የመጨረሻ ቀኔ ነው።

ጉዳያችንን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ቃል እንድጨምር ይፍቀዱልኝ። ኩባንያችን የሚሸጠው አንዲት ትንሽ ሳጥን ነው። ልጆቿ ኦስትሪያና ጀርመን ገብተው የቀሩ እናት፣ በባናት ወይም በባችካ አውራጃ ባለ አንድ መንደር ብቻዋን ስትኖር፣ ሳጥኗ ከኤሌክትሪክ ምድጃው ጋር ትገናኛለች፤ እናት ማለዳ ተነሥታ ቡናዋን ስትጥድ ሳጥኗ ታውቃለች፣ ለልጅም በስልኩ «እናትዎ ተነሥተዋል፤ ቡናቸውን እየጠጡ ነው» የሚል መልእክት ትልካለች። ምድጃው ሳይበራ ከረፈደ ደግሞ ሳጥኗ ትጮኻለች፤ ጩኸቱ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣል፤ እኔ እደውላለሁ፣ ካልተነሣ ጎረቤት እልካለሁ። ሐሳቡ ቆንጆ ነበር። በዚህ ሐሳብ ነው ከባንክ ሥራዬ አስኮብልለው ያመጡኝ፤ እኔም ተታልዬ ሳይሆን አምኜ ነው የመጣሁት፤ ለዚህም ይመስለኛል አሁን እንዲህ የሚያንገበግበኝ።

ቅሬታዎቼን እንደ ሥነ ሥርዓቱ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቢሮ ኑሯችን። «የእኔ በር ለሁሉም ክፍት ነው» ብለው፣ ለቃልዎ ለመታመን በሩን ከነማጠፊያው አስነቅለው በማስወሰድዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በሩ ከቶ ተዘግቶ አያውቅም፣ እርስዎም ከበሩ ወዲያ ተገኝተው አያውቁም፤ ራእይ የሚፈልቀው ከዳኑብ ዳር ካለው ካፌ መሆኑን ከጸሐፊዎ ሰምተን ተጽናንተናል። ጸሐፊዎም ስትለቅ የሚነግረን ጠፋ እንጂ መጽናናታችን አልቀረም። ከሠራተኛው የሚበዛው ተራ በተራ ጥሎ ሲሄድ «አሁን ቀለል ብለን እንበራለን» ብለውናል፤ የቀረነውም የሄዱትን ሥራ ተሸክመን ቀለል ብለን ስንበር ከርመናል። ቤተሰብ ነን ማለትዎም እውነት ነው፤ በእኛ አገር ቤተሰብ ማለት እሑድም ሳይቀር የሚጠራህ፣ ስታኮርፍ የሚታዘብህ፣ ልሂድ ስትል ከሃዲ የሚልህ ስለሆነ በዚህ በኩል አንዳች አላጎደሉብንም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ስለ ደወሉ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ማለዳ ክብ ሠርተን ቆመን፣ የተሳሳተ ሁሉ ስህተቱን በደስታ እንዲናገርና የነሐሱን ደወል እንዲመታ፣ የቀረነው ደግሞ እንድናጨበጭብለት ያወጡት ሥርዓት በየትም አይገኝም። ካልተሳሳትን አንማርም ብለዋል፤ እኛም ብዙ ተምረናል፣ እጃችን እስኪላጥ ተምረናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ምድጃው። ይህ የእርስዎ ብቻ ጥፋት አይደለምና እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። በዚያ ቢሮ ውስጥ ልጅነቱን በአያቱ ግቢ ያልፈነጨ፣ በግቢው ጥግ ባለችው የበጋ ማድ ቤት ደፍ ላይ ተቀምጦ ሾርባ ያልጠጣ አንድ ሰው አልነበረም። ሙቀት ሲጀምር እሳትም ድስትም ሴትዮዋም ከትልቁ ቤት ወጥተው ወደዚያች ደሳሳ ክፍል እንደሚሰደዱ፣ በመኸር ብርድ ካልመጣ እንደማይመለሱ ሁላችንም እናውቃለን። ሳጥኗን ስንሠራ ግን በሐሳባችን የነበረችው አያታችን ሳትሆን፣ በማስታወቂያ ላይ የምትታይ፣ አንድ ወጥ ቤት ብቻ ያላት፣ ጸጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ የሰው አገር አሮጊት ነበረች። የገዛ አያቱን ረስቶ የሌላ ሰው አያት የሚጠብቅ መሣሪያ የሚሠራ ከእኛ በቀር ማን ይኖራል?

ሳጥኖቹ ለየቤቱ በተዳረሱ በጥቂት ሳምንት ግንቦት ገባ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ጮኹ። ያን ሰሞን እርስዎ ሊዝበን ለጉባኤ ሄደው ስለነበር አላዩትም። ከሊንዝ፣ ከግራዝ፣ ከሽቱትጋርት የሚደውሉትን ልጆች ድምፅ እርስዎ ቢሰሙት ብዬ የተመኘሁትን ያህል አሁን ብረሳው እመኛለሁ፤ ገና ስልኩን ሳነሣ «እኅቴ፣ አትደብቂኝ፣ እናቴ ሞታለች አይደል?» ይሉኛል፤ እኔም ጎረቤት እልካለሁ፣ ጎረቤትም በር ይሰብራል፣ ሟች የተባሉትም ከግቢው ጥግ ሳህን ይዘው ብቅ ይሉና «ምን አደረግኳችሁ በሬን የምትገነጥሉት? አተር እየፈለፈልኩ ነው እንጂ ምን ሞት አለብኝ!» ብለው ጎረቤቱን በመጥረጊያ ያባርሩታል።

ከሊዝበን ሲመለሱ መፍትሔ ይዘው መጡ። መፍትሔውም «ቡናዎን በቤት ውስጥ ያፍሉ፤ ልጆችዎን ያስደስቱ» የሚል፣ የሳቂታ አሮጊት ሥዕል ያለበት ወረቀት ነበር፤ ወረቀቱ ያልገባቸውን ደግሞ እኔ በስልክ እንዳሰለጥን ታዘዝኩ። እትዬ ኮሳራ የሚባሉትን የባናት ሴትዮ ለማሰልጠን ስሞክር የሰጡኝን መልስ በወቅቱ ለእርስዎ ሪፖርት አድርጌ ነበር፤ ምናልባት ስላላነበቡት እደግመዋለሁ፦ «የኔ ልጅ፣ አንቺ አያት የለሽም? በግንቦት ቤት ውስጥ እሳት የሚያነድ ማን አየሽ? መጋረጃዬ ሽንኩርት ሽንኩርት እንዲለኝ ነው? ያ ነጩ ምድጃ ልጄ ከሙኒክ ያመጣልኝ ነው፣ ዳንቴል አልብሼ የሟቹን ባሌን ፎቶ አስቀምጬበታለሁ። ታዲያ ባሌን ላቃጥለው ነው?» በክረምትስ ብዬ ብጠይቃቸው «በክረምትማ የእንጨቱ ምድጃ ሌት ተቀን ይነዳል፤ እሱ ላይ ቡና ማፍላት እያለ መብራት የሚፈጅ ጅል ነው» አሉኝ። እንግዲህ የእኛ ሳጥን እትዬ ኮሳራን የሚያውቃቸው በሁለቱ ወቅቶች መካከል ባለችው ጥቂት ሳምንት፣ ያውም የባላቸውን ፎቶ ካነሡ ብቻ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ የሚያስቅ ነው፤ እኔም ስቄበታለሁ። የሚቀጥለው አያስቅም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰኔው ውሳኔዎ። ከቪየና ባለሀብቶች ሊጎበኙን በተቃረቡበት ሳምንት፣ ሰሌዳው ላይ ያለው የአገሪቱ ካርታ ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን መስሎ በቀይ መብራት ተሸፍኖ ሲያዩት፣ «ቀይ ቀለም ባለገንዘብ ያስበረግጋል» ያሉትን ሁላችንም ሰምተናል። ሳጥኑን ማስተካከል ጊዜ ይፈጃል፤ የበጋ ማድ ቤቶችን ማፍረስም የሕዝብ ቁጣ ያስነሣል፤ ስለዚህ እርስዎ ከሁሉ የቀለለውን መረጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምድጃው ባይበራም፣ ሳጥኑ አንዳች ምልክት ባይሰጥም፣ መብራቱ አረንጓዴ እንዲሆንና «እናትዎ ተነሥተዋል፤ ቡናቸውን እየጠጡ ነው» የሚለው መልእክት በየማለዳው ለሁሉም ልጅ እንዲላክ አዘዙ። አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ሲሉ ኖረዋል፤ ተረቱን እስከ ሬሳ ድረስ በሥራ ላይ ያዋለው ግን የእርስዎ ኩባንያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ውሸት አይደለም ወይ ብዬ በጠየቅኩ ጊዜ፣ ውሸት ሳይሆን «በጎ ግምት» መሆኑን በትዕግሥት ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። አብዛኛው ሰው በአብዛኛው ማለዳ በሕይወት ይነሣል ብለዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ባለሀብቶቹ አረንጓዴዋን አገር አይተው ተደሰቱ፤ ልጆቹም ተደሰቱ፤ ስልኬ ዝም አለ። በዚያ ወር ከሁሉ ያነሰ አቤቱታ የተቀበልኩ ሠራተኛ ተብዬ ኬክ ተቆረሰልኝ፤ ኬኩን በላሁት፤ ጣዕሙ መልካም ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ጋሽ ስሬዶዬ። ጋሽ ስሬዶዬ የእትዬ ኮሳራ መንደር ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከርግቦቻቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። በሐምሌ አንድ ማለዳ ለርግቦቹ እህል ሊበትኑ መሰላል ላይ ወጡ፤ መሰላሉ ከዳቸው፤ ከዳሌያቸው ተሰብረው ከርግብ ቤቱ ሥር ቀሩ። ያን ቀን ሙሉ እዚያው ነበሩ። ሌሊቱንም እዚያው ነበሩ። በማግሥቱ ማለዳ፣ እርሳቸው አፈር ላይ ተዘርግተው ከሣሩ ጤዛ ሲልሱ፣ ሊንዝ ያለችው ልጃቸው ራድሚላ ስልኳን ከፍታ አባቷ ተነሥተው ቡናቸውን እየጠጡ መሆኑን አነበበች። ያተረፋቸው የተዋሰችውን ድስት ልትመልስ የመጣች ጎረቤት ናት።

ራድሚላ በደወለችልኝ ጊዜ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ብትሰድበኝ በወደድኩ። «እኔ እኮ መልእክቱን አይቼ ተመስገን አልኩና ወደ ሥራ ሄድኩ» አለችኝ፤ ደግማም «ተመስገን ነው ያልኩት፣ ይገባሻል? እሱ መሬት ላይ ተኝቶ እኔ ተመስገን እያልኩ አውቶቡስ ተሳፈርኩ» አለችና ዘጋችው።

ይህን ጉዳይ በማግሥቱ በማለዳው ክብ ላይ ለእርስዎና ለባልደረቦቼ ሁሉ አቅርቤ፣ መልእክቱ በዚያው ቀን እንዲቆም፣ ለልጆቹም እውነቱ እንዲነገር ለምኜ ነበር። እርስዎ አንገትዎን ደፉ፤ እኔም ልብዎ ተነካ ብዬ አሰብኩ። ቀጥለው «ይህ ለሁላችንም ትልቅ ትምህርት ነው» ብለው ሄደው ደወሉን መቱ። አዎ፣ ደወሉን መቱ። ባልደረቦቼም ወለል ወለሉን እያዩ አጨበጨቡ። ሰው ተሰብሮ በወደቀበት ነገር አጨብጭቤ አላውቅምና እኔ እጄን ምን እንደማደርገው ጠፍቶኝ ኪሴ ከተትኩት። ስለዚያ ቀን ጭብጨባ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ ቃል ስላላገኘሁ ይህችን ምስጋና ባለችበት እተዋታለሁ።

መልእክቱ እንዲቆም ላቀረብኩት ልመና ግን መልስ ሳይሰጡኝ አልቀሩም። በመጀመሪያ ከባለሀብቶቹ ጋር ውል ከተፈራረምን በኋላ አሉኝ፤ ውሉ ሲጓተት ከስላቫው፣ ከጠባቂ ቅዱሳችን በዓል፣ በኋላ አሉኝ፤ ስላቫው ሲያልፍ ደግሞ ከአዲሱ ዓመት በኋላ አሉኝ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይላል የአገሬ ሰው፤ እኔ ግን ወተት አልጠየቅኩም፣ አንዲት የሐሰት ዓረፍተ ነገር እንድትጠፋ ነው የጠየቅኩት።

አምስተኛ፣ ስለ ስላቫችን። ማንኛውም ቤት ጠባቂ ቅዱስ እንዳለው ሁሉ ኩባንያችንም እንዲኖረው ፈልገው፣ የቪየና እንግዶች ባህል ይወዳሉ ተብሎ፣ ቅዱስ ዲሜጥሮስን መረጡልን፤ ቄስ መጣ፣ ጧፉ በራ፣ ኅብስቱ ተቆረሰ፣ የተቀቀለው ስንዴ ቀረበ። ይህን ሁሉ በወጉ ማድረግዎን አደንቃለሁ። የዘነጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም በስላቫ ሰው እንደማይጠራና የመጣም እንደማይመለስ ነው። የሚያውቅ ይመጣል፤ ወዳጅም ይመጣል፣ የተጣላም ይመጣል፤ በዚያን ቀን ደጅ የሚዘጋ ቤት የለም። እርስዎ ግን መግቢያ ካርድ አሳትመው፣ የተጋባዦች ስም ከጥበቃው እጅ አስቀመጡ። ቅዱስ ዲሜጥሮስ ራሱ ቢመጣ ስሙ መኖሩን እርግጠኛ አይደለሁም።

የጋሽ ስሬዶዬ ስም አልነበረም። በአውቶቡስ መጥተው፣ በከዘራ ተደግፈው፣ በገዛ እጃቸው ያወጡትን የፕሪም አረቄ በጋዜጣ ጠቅልለው ከታች ከጥበቃው ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ጥበቃውን «ስላቫ ላይ ስም ጠሪ? አንተ ልጅ፣ ይሄ በዓል ነው ወይስ ወታደር ቤት?» እያሉ ሲያፋጥጡት፣ ምስኪኑ ጥበቃ አንገቱን ቀብሮ ነበር። ማንነቴን ስነግራቸው እጄን ጨብጠው፣ «እኔ ለጠብ አልመጣሁም፤ በዚህ ቀን ማን ይጣላል? ለአለቃሽ አንድ ነገር ነግሬው ልሄድ ነው» አሉኝ።

የሚነግሩዎት ነገር ስለ ራሳቸው ዳሌ አልነበረም፤ ስለ እትዬ ኮሳራ ነበር። ቃላቸውን እንዳለ አስፍሬዋለሁ፦ «እኔስ ጎረቤት አለኝ፣ ድስቷ አተረፈችኝ። የኮሳራ ግን ከግራም ከቀኝም ያሉት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሰዎቹ አልቀዋል። በፊት ልጇ ከሙኒክ በየቀኑ ይደውልላት ነበር። ይቺ ሳጥን ከገባች ወዲህ ተወ። ቡናዋን እየጠጣች መሆኑን እያየሁ ምን ብዬ ልጠይቃት ይላል አሉ። እሷም አትደውልለትም፣ ሥራ ላይ ነው አልረብሸውም ትላለች። በይ እንግዲህ ፍረጂ፤ ብትወድቅ ማን ሊያነሣት ነው? ሳጥኗ አትሠራም በሉና ለልጆቹ ንገሩ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ይህን ስሰማ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ከዚያ በፊት አልገባኝም ነበር። እኛ የሸጥነው የማይሠራ ዕቃ ብቻ አይደለም። ከማን እንደ ወሰድነው እንኳ ሳናውቀው፣ ያ ልጅ ማልዶ የሚደውልላትን ስልክ ከእናቱ ላይ ወሰድንባት።

በዚያን ሰዓት እርስዎ አንድ እንግዳ ሊሸኙ ወረዱ። ጋሽ ስሬዶዬን አዩና አወቋቸው፤ እጅዎን ዘርግተው አቀፏቸው፤ እርሳቸው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ፎቶ ይነሣ ተባለ፤ ፎቶው ተነሣ፤ በቀይ ጥብጣብ የታሰረ አዲስ ሳጥን ከእጃቸው ተቀመጠ፤ እርስዎም ወደ ላይ ተመለሱ። ፎቶው በዚያው ቀን «ከቤተሰባችን አባል ከአባባ ስሬዶዬ ጋር» ተብሎ በገጻችን ወጣ። ከዘራቸውን ቆርጠው ማስቀረትዎን አስተውያለሁ፤ የፎቶግራፍ ዓይን አለዎት። ጋሽ ስሬዶዬ ሳጥኑን አገላብጠው አገላብጠው አዩና «ይሄ ሰውዬ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይስ በዓል ስለሆነ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በዓል ስለሆነ ነው አልኳቸው። አረቄውን ባዶ እጄን አልመጣሁም ብለው ለጥበቃው ትተው፣ አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ወጡ።

ቁጥሩን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ስድስተኛና ሰባተኛ ነበሩኝ፤ ስለ ወንበሮቹና ስለ መስከረሙ የጫካ ሽርሽር ነበሩ፤ አሁን ሳያቸው አፍራለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ በአደባባይ የጻፍኩት ስምዎን ለማጥፋት አይደለም፤ ስምዎ የራሱ ጉዳይ ነው። የደንበኞችን ስልክ ይዤ እንዳልወጣ የፈረምኩት ውል ስላለ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ደውዬ መንገር አልችልም፤ ውሌንም አከብራለሁ። ጋዜጣ እንዳይነበብ የሚከለክል ውል ግን አልፈረምኩም፤ ይህ ጋዜጣ ደግሞ ቪየናም ሙኒክም በአገራችን ሰዎች ሱቅ እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ስለዚህ ደብዳቤው ለእርስዎ የተጻፈ ቢሆንም፣ በመካከል ለሌሎች ጥቂት መሥመር ብሰርቅ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

በውጭ ያላችሁ ልጆች ሆይ፣ በየማለዳው የሚደርሳችሁ መልእክት ከእናታችሁ ቤት የሚመጣ አይደለም። ከኖቪ ሳድ ነው የሚመጣው። እናታችሁ ብትነሣም ይመጣል፣ ባትነሣም ይመጣል። ብርዱ ገብቷል፤ በረዶው በግቢው ላይ እየረጋ ነው፤ የእንጨት ምድጃውን የምትሞላው እናታችሁ እንጨቱን ከውጭ ነው የምታመጣው። ደውሉላት። ምን ብዬ ልጠይቃት አትበሉ፤ ምንም ጠይቋት፣ ስለ ዶሮዎቹ ጠይቋት፣ ብትቆጣችሁም ደስ ይበላችሁ። ካላነሣች ደግሞ ወደ እኛ አትደውሉ፤ ወደ ጎረቤት ደውሉ።

ወደ እርስዎ ልመለስ። በሁለት ዓመት አገልግሎቴ ስላሳዩኝ ፈገግታ፣ ስለ ሰጡኝ ማዕረጎች ሁሉ፣ ስለ ኬኩ፣ ሥራዬን ስለቅም በነገው የማለዳ ክብ ላይ «ዞራናን በጭብጨባ እንሸኛለን» ብለው ስላሰቡልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በጭብጨባው ላይ ባለመገኘቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለኩባንያዎ አረንጓዴ ዘመን፣ ለባለሀብቶችዎ ጥሩ እንቅልፍ፣ ለእርስዎም ከዚህ ሁሉ ደስታ በኋላ አንድ ቀን ትንሽ ሐፍረት እንዲሰጥዎ ከልብ እመኛለሁ።

ከወለሉ እስከ ጣሪያው በሚደርስ አክብሮት፣ ለወንበርዎም ለተነቀለው በርዎም እጅ እየነሣሁ፣

ታዛዥዎ ሆና የቆየችው
ዞራና ሺያን
እስከ ዛሬ ማታ ድረስ የቤተሰብ ሰላም አምባሳደር

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ክቡር ሆይ፣ ከሰኔው ውሳኔዎ ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ ድርሽ የሚል ጩኸት ይኖራል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፤ ሆኖም አንድ ሳጥን አልፎ አልፎ መጮኹን አላቆመም። ብልሽት መስሎኝ አጣራሁት። ብልሽት አይደለም፤ በመላው አገሪቱ ካሉት ሳጥኖች ያ አንዱ ብቻ፣ በእርስዎ ትእዛዝ፣ ዝም ሲል አረንጓዴ እንዳይሆን፣ እንደ ድሮው እንዲጮህ ተደርጎ ቀርቷል። ስሬም በተባለው አውራጃ ባለ አንድ መንደር የሚኖሩት የእናትዎ የወይዘሮ ስሚልያ ሳጥን ነው። በጮኸ ቁጥር ደውዬላቸዋለሁ፤ በጋውን ከግቢው ማድ ቤት ነበሩ፣ አሁን ከእንጨቱ ምድጃ አጠገብ ናቸው፤ ዛሬ ጠዋትም ደህና ናቸው። ነገ ከጠረጴዛዬ ላይ ማንም ስለማይኖር፣ ቢጮህ የሚሰማው የለምና፣ እባክዎ እርስዎ ራስዎ ይደውሉላቸው።